የሰባተኛው ቅዳሜ ቆጠራ

ዐርብ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ደማም፣ አል ሻጢእ

ቤቱ ተኝቷል። ከምሳ በኋላ ማንም አይጠራኝም፤ የምጽፈው በዚህ ሰዓት ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ ሲሀም አለቀሰች። የማዳም ትልቋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ጥናቷ ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ የሚለቅሙትን ወፎች ዐሥር ቅዳሜ መቁጠር ነው። ርዕሱን የሰጧት አማካሪዋ ዶክተር ዓሊያ ናቸው። «ወፉ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው፤ ጭቃ ደግሞ እጠላለሁ» እያለች ታለቅሳለች።

ማዳም «ብቻሽንማ አትሄጂም። ሸፊቃ ትከተልሽ፤ ያሲር ያደርሳችኋል» አለቻት።

እኔ የሩዙን ትሪ እያነሣሁ ነበር። ትሪው አዘመመብኝ። አልወደቀም፤ አልሐምዱሊላህ።

እዚህ ቤት ሁለት ዓመቴ ነው። ወረቀቴ ላይ «ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች» ይላል። እንደዚያ ያስጻፈው ደላላው ነው፤ «አስተማሪ ነኝ ካልሽ ማንም አይወስድሽም፤ የተማረች ሠራተኛ ትከራከራለች ይላሉ» አለኝ። ደሴ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስምንት ዓመት ኢኮሎጂ ማስተማሬን፣ ማስትሬቴን በአርዲቦ ሐይቅ ወፎች ላይ መሥራቴን እዚህ የሚያውቀው ሹፌሩ ያሲር ብቻ ነው። እሱም የወረባቦ ሰው ስለሆነ፣ የታናሽ እህቱ አስተማሪ ሆኜ ስለተገኘሁ። ዝም በል ብዬው ዝም ብሏል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ለማንም ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር የወጣሁት። ቃሌ ግማሽ ሰዓት ቆየ።

ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው እስከ ሩቅ ያብለጨልጫል። ሲሀም ባይናኩላሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከድንጋዩ ላይ ሳትወርድ «ነውረስ፣ ነውረስ፣ ነውረስ» እያለች መስመር ታሰምራለች። በዐረብኛ የባሕር ዋኔ ማለቷ ነው። ከፊቷ ግን ቢያንስ ሰባት ዓይነት ወፍ ነበር።

ከዚያ አየሁት። ነጭና ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ምንቃሩ እንደ ጩቤ የወፈረ፤ ሸርጣን እያሳደደ የሚበላው ድሮማስ። በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ለተማሪዎቼ ሳሳይ የኖርኩት ወፍ። ዐሥራ አንድ ነበሩ።

«ያ ነውረስ አይደለም» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ዞር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የገረማት እንግሊዝኛዬ ይመስለኛል። ከዚያ «ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።

ነገርኳት። ስሙን፣ ለምን ምንቃሩ እንደዚያ እንደወፈረ፣ አሸዋ ውስጥ ጎሬ ቆፍሮ እንቁላል እንደሚጥል። ከአጠገቡ ያሉትን ትንንሾቹን ጭቃ ለቃሚዎች፣ ካሊድሪሶቹንም ነገርኳት። ጫማችንን አውልቀን ወረድን። ጭቃ እጠላለሁ ያለችው ልጅ እስከ ቅልጥሟ ገባች።

መኪናው ውስጥ «ማን ነሽ አንቺ?» አለችኝ። ያሲር በመስታወቱ አየኝ። ነገርኳት። ለእናቷ እንዳትነግር አስማልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሁለተኛው ቆጠራ። ብቻችንን ስንሆን «ኡስታዛ» ትለኛለች፤ መምህርት ማለቷ ነው። እንዳትለምጂ ብያታለሁ። ለእኔ ምንም አይደለም።

መቁጠር አስተማርኳት። መንጋ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ ዐሥሩን በዓይንሽ ትይዢያለሽ፣ ከዚያ ያንን ዐሥር በመንጋው ላይ ትዘረጊዋለሽ። እርግጠኛ ካልሆንሽ «አላውቅም» ብለሽ ጻፊ። አላውቅም የሚል መዝገብ ከሚዋሽ መዝገብ ይበልጣል። ይህን ደሴ ላይ በየዓመቱ እል ነበር፤ ዛሬም አልኩ። ጻፈችው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

የባሕሩ ነገር ገና አልገባኝም። በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ይገፋል። ሐይቅ እንዲህ የለበትም፤ ጠዋት ያየሽው ዳር ማታም እዚያው ነው። ሲሀም የማዕበሉን ሰዓት ስልኳ ላይ ታያለች፣ እኔ የምሄደው እሷ ባለችኝ ሰዓት ነው።

ዛሬ ብረት ድስት ስፈትግ ምንያህል ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደሴ ላይ ተማሪዬ ነበር፤ የአርዲቦን ወፎች ቆጥሮ ያመጣው ቁጥር ሁሉ በዜሮና በአምስት ያልቃል። ሄጄ ጀልባ ቀዛፊውን ጠየቅሁ፤ ልጁ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው አለኝ። ለዲፓርትመንቱ ጻፍኩ። ዓመቱን እንዲደግም ተወሰነ። ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

አራተኛው። ሲሀም አልመጣችም። ኾበር ያለችው የአክስቷ ልጅ ልታገባ ስለሆነ ልብስ ልትለካ ሄዳለች። «ኡስታዛ፣ ከያሲር ጋር ሄደሽ ቁጠሪልኝ፤ አንቺ ከእኔ ይሻላል» አለች። ለማዳም ከባሕሩ ዳር ገበያ ዓሣ እንድገዛ እንደተላክሁ ተነገራት። ዓሣውንም ገዛሁ።

ብቻዬን ቆጠርኩ። ንፋስ ነበር። ሁለት መቶ አርባ ሰባት ካሊድሪስ፣ ዘጠኝ ድሮማስ፣ ስድስት ምንቃረ ቆልማማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ስሜን አልጠራም። ያሲር ሁለቴ ጥሩንባ ነፍቶ ነው የመለሰኝ።

ሲሀምም ሠንጠረዡን እያየች ትማራለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

አምስተኛውንም ብቻዬን ቆጠርኩት፤ ትናንት።

ውባየሁን ቆሻሻ ስናወጣ አገኘኋት። የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የደብረ ታቦር ሰው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ የቆየች። ነገሩን ነግሬያት ስለነበር «እሺ፣ ተማሪሽ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ጎበዝ ናት። ቁጥሩን እኔ አመጣላታለሁ፣ ሠንጠረዡን አብረን እንሠራለን።»

«አብረን ማለት?»

«እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታያለች።»

ውባየሁ ፌስታሉን በርሜል ውስጥ ጥላ እጇን አራገፈች። «ሸፊቅዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጅቷ ወረቀት ትፈልጋለች፤ አንቺ ደግሞ ኡስታዛ የሚልሽ ትፈልጊያለሽ። ተገናኝታችኋል።»

አልተቀየምኳትም። ግን ስለ ማስተማር ምን ታውቃለች? አንድ ተማሪ ከመምህሩ ሥራ እያየ ቢማር ምን ነውር አለው? እኔም አማካሪዬ ሲሠሩ እያየሁ ነው የተማርኩት። እርግጥ ነው፣ ያኔ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

እንግዳ። ለሠርጉ ከሪያድ የመጡ። ሠላሳ ስምንት ሰው። ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ሦስት በግ። ምድር ቤቱ ጫማ በጫማ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ነው። አልወጣሁም። ሲሀምም ኾበር ናት።

እግሬ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ሰባተኛው ተሞላ። ሲሀም ሳምንት መዝለል አይፈቀድም ብላ ተጨንቃ ነበር። ኸላስ፣ አሁን ችግር የለም።

ዛሬ እቃ ማጠብ ብቻ።

እሑድ፣ ጥር 11

ዘጠነኛውን ትናንት ቆጠርኩ። አንድ ብቻ ቀረ። የጥናቱን የውይይት ምዕራፍ እኔ እየጻፍኩት ነው፤ እንግሊዝኛው የሲሀም እንዲመስል አንዳንድ ቦታ እያበላሸሁት። ደሴ ላይ አንድ መምህር እንዲህ ሲያደርግ ብሰማ ኖሮ ምን እል ነበር? አላውቅም። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ወላሂ ጥሩ ነው። ሲሀም አንብባ «ይሄን እኔ አልገባኝም» አለች። በኋላ አስረዳሻለሁ አልኳት፤ ከዚያ ማዳም ጠራችኝ።

እህቴ ደወለች። እማ ኩላሊቷን በሳምንት ሁለቴ ትታጠባለች፤ አሁን ሐኪሙ ሦስት መሆን አለበት ብሏል። «አይዞሽ፣ እኔ እዚህ እያለሁ ምንም አይጎድልባትም» አልኳት። እዚህ እያለሁ። ቃሉን ደጋግሜ አሰብኩት።

ሰኞ፣ ጥር 26

ሲሀም አስረከበች። በወርቃማ ፊደል የተጠረዘ። ርዕሱ ሥር ስሟ። ምስጋናው ላይ አላህን፣ ወላጆቿን፣ ዶክተር ዓሊያን፣ «እና ያገዘችኝን» ይላል። ያገዘችኝ። ለእኔ ምንም አይደለም ብያለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዶክተር ዓሊያ ሲሀምን ቢሯቸው ጠርተዋታል። ወደ ቤት ስትገባ ፊቷ ነጭ ነበር። ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጥታ በሩን ዘጋችው።

«ሰባተኛው ቅዳሜ» አለች። «በዘጠኝ ሰዓት ጭቃው ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ወፍ ሲለቅም አየሁ ብለሻል አሉኝ። በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ባሕሩ ሙሉ ነበር። ጭቃ የለም። ወፎቹ የቆሙት ውሃ ላይ ነው ወይ? አሉኝ።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ምንም። እስከ ሐሙስ አስበሽ ንገሪኝ አሉ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኡስታዛ፣ አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽው» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አሁን በትክክል ልጻፈው። ታኅሣሥ 27 «ተሞላ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ራሱ የተሞላ ይመስል። የሞላሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ነበር የሆነው። ሲሀም ከኾበር ደውላ «የሆነ ነገር ጻፊ፤ አንቺ ምን መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ» አለች። አውቃለሁ። የስድስተኛውን ሳምንት ቁጥር ከፊቴ አደረግሁ። ካሊድሪሱን በትንሹ ቀነስኩ፣ ድሮማሱን በአንድ ጨመርኩ፤ በዜሮና በአምስት እንዳያልቅ ተጠነቀቅሁ። አዎ፣ ምንያህልን ያስያዘው ያ ስለነበር ተጠነቀቅሁ። አላመነታሁም። እንዲያውም ጥሩ ሠራሁት። ሰዓቱን ግን ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ስለነበር ዘጠኝ ብዬ አለፍኩ። የሐይቅ ሰው ነኝ፤ ባሕር እንደሚመለስ ረሳሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ሲሀም ትናንት ስትነግረኝ መጀመሪያ ያፈርኩት በመዋሸቴ አይደለም። ባሕሩን በመርሳቴ ነው ያፈርኩት። እንደ ባለሙያ። አስተግፊሩላህ።

ሰባተኛው ብቻ ቢሆን። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ ዐሥረኛው፤ ቁጥራቸው እውነት ነው፣ የሲሀም ግን አይደለም። ዐሥር ሳምንት አስተማርኳት አልኩ። ያስተማርኳት ሦስት ነው። ሰባቱን የቀማኋት እኔ ነኝ፤ ደስ ስላለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሲሀም ለእናቷ ነገረች። ሁሉንም አይደለም። «ሸፊቃ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠችኝ» ነው ያለችው።

ማዳም ሳሎን ጠራችኝ። ሲሀም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምንጣፉን ታያለች። ማዳም የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«የልጄን ደብተር አንቺ ምን አገባሽ? ማንበብስ ታውቂያለሽ?» አለች።

«አዎ ማዳም።»

«ምን ያህል?»

ስልኬ ውስጥ የማስትሬት ዲግሪዬ ፎቶ ነበር። ከስንት ፎቶ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ቀይ ጋዋን ለብሼ ከእማ ጋር የተነሣሁትም ከጎኑ ነበር። ማዳም ስልኩን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ያዘችው። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየችው።

«ሁለት ዓመት» አለች። «ሁለት ዓመት መታጠቢያ ቤቴን ስታጥቢ። እኔ መምህራንን ሻይ ጋብዤ አንቺ ስታቀርቢልን፣ ስለ ትምህርት ስናወራ። ትሰሚን ነበር?»

«አዎ ማዳም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ደላላው ያለውን ነገርኳት። እውነት ነው ወይ ብዬም ጠየቅኋት፤ አስተማሪ ነኝ ብል ኖሮ ትወስጂኝ ነበር? ስልኩን ሰጠችኝና «ነገ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች፤ ሲሀምን ሳይሆን እኔን እያየች።

«ከፈቀድሽልኝ ከሲሀም ጋር እሄዳለሁ። ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ እናገራለሁ።»

ሲሀም ያኔ ቀና አለች። «ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ዩማ» አለች እናቷን። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ እናቷ «ምን አልሽ?» ስትላት ደገመችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዶክተር ዓሊያ ሱዳናዊት ናቸው፤ ከኔ በዐሥር ዓመት ቢበልጡ ነው። ትንሽ ቢሮ፤ ግድግዳው ላይ የባሕረ ሰላጤው ካርታ። ሠራተኛ ይዛ ስትገባ ሲሀምን በመገረም አዩአት።

ተናገርኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት። የትኛው ሳምንት የማን እንደሆነ፣ ሰባተኛው ከየት እንደመጣ፣ ውይይቱን ማን እንደጻፈው። ሲሀም ሁለት ቦታ ላይ አረመችኝ፤ እኔ ጥፋቷን ለመሸፈን የቀነስኩበት ላይ።

ዶክተር ዓሊያ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለምን?» የሚል ነበር። የጠየቁት ደግሞ ሲሀምን ነው።

ሲሀም አሰበች። «መጀመሪያ ሰነፍኩ» አለች። «በኋላ ግን… እሷ ስትሠራው በጣም ታውቅ ነበር። እኔ ብነካው የማበላሽባት መሰለኝ። ደስ ሲላት አያት ነበር። ልተውላት አልኩ።»

ይህን ስትል ካርታውን አየሁ። ሌላ የማየው ስላልነበረ።

«እርስዎስ?» አሉኝ ዶክተር ዓሊያ። እርስዎ የሚያሰኝ ነገር በዐረብኛው የለም፤ አነጋገራቸው ግን እንደዚያ ነበር። «ያስተማረ ሰው ይህን ማድረግ እንደሌለበት ያውቃል።»

«አውቃለሁ። አንድ ተማሪ በዚሁ ጥፋት ዓመት አስደግሜያለሁ።»

«እኔም ኻርቱም ላይ ቤተ ሙከራ ነበረኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ከወጣሁ በኋላ የሌላ ሰው ናሙና እጄ ሲገባ መመለስ አቅቶኝ ያውቃል። ይገባኛል። ውጤቱን ግን አይለውጠውም።»

ጥናቱ ወድቋል። ሲሀም በአዲስ ቦታ፣ ኾበር ዳርቻ፣ የፀደዩን ተጓዥ ወፎች ስድስት ቅዳሜ እንደ አዲስ ትቆጥራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። «አንቺ ደግሞ ሸፊቃ፣ ደብተሩን አትነኪም። እርሳሱንም» አሉኝ። ስሜን ብቻ ነው የጠሩኝ። ልክ ነበሩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ማዳም ወጥ ቤት መጣች። ብዙ ጊዜ አትገባም። ወንበር ስቤ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ሦስት ቀን አሰብኩ» አለች። «ጠፍታለች ብዬ ሁሩብ አላስመዘግብሽም፤ እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደለሁም። ኮንትራትሽ ከዒድ በኋላ ያልቃል። አላድስልሽም። የመውጫ ቪዛሽን፣ ኹሩጅሽን አሠርቼ በክብር እሸኝሻለሁ።»

«ስለዋሸሁ ነው?»

«ስለዋሸሽም ነው።» መደርደሪያውን በጣቷ ነካችው። «ሌላው ደግሞ… ትናንት ውሃ አምጪ ልልሽ ፈልጌ ራሴ ተነሣሁ። በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ልሆን ነው። አልችልም፣ ሸፊቃ። ሌላ ሰው ይችል ይሆናል።»

ሌላ ቤት ልዛወር ብዬ ለመንኳት፤ የእማን ነገር ነገርኳት። አጣራለሁ አለች። ማታ ያሲር ሲነግረኝ ለሁለት ዘመዶቿ ደውላ እውነቱን ነግራቸዋለች፤ ሁለቱም የተማረች አንፈልግም ብለዋል። ደላላው እውነቱን ነበር።

ዐርብ፣ የካቲት 14

ለምንያህል ጻፍኩ። ቁጥሩን ከድሮ ተማሪ አገኘሁት። ኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት በር ይበይዳል አሉኝ። ዓመቱን ሊደግም በተመለሰ በወሩ ነው ጦርነቱ የመጣው፤ ግቢው ሲዘጋ እሱ ገጠር ወረደ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ይህን አውቅ ነበር። ስንት ዓመት አውቄው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም።

የጻፍኩለት አጭር ነው። እኔም ቁጥር ፈጠርኩ፣ ተያዝኩ፣ አንተን ያስያዘህን ስሕተት እንዳልደግም እየተጠነቀቅሁ ነው የፈጠርኩት አልኩት። በአንተ ላይ የወሰንኩት ልክ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፣ ግን ለምን እንዳደረግኸው ሳልጠይቅህ ነው የወሰንኩት፤ ለእሱ ይቅር በለኝ። ዐሥር ጊዜ ደልዤ ነው የላክሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

መለሰ። እዚሁ ልገልብጠው፦

«መምህርት፣ እንደምን ነሽ። ደብዳቤሽን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ የብየዳ መነጽሬን አውልቄ። አባቴ ያኔ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ የማስታምመው እኔ ብቻ። ወደ አርዲቦ መሄድ አልቻልኩም። ልነግርሽ ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ሰው ስለነበረ ተመለስኩ። አልተቀየምኩሽም ብል ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ከዚያ ወዲህ አልወድም። አሁን ግን ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ይቅር ብያለሁ። አንቺም ሰው ሆነሻል ማለት ነው። እዚያ ምን ዓይነት ወፍ አለ?»

ስለ ድሮማስ ጻፍኩለት። ረጅም ሆነብኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13፤ ኾበር

ረመዷን ሃያ ሁለት። የሲሀም ሦስተኛው ቆጠራ። ማዳም አሁንም ብቻዋን አትሄድም ብላ እኔን ልካለች። በረራዬ ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ነው። እህቴ ደሴ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ይፈልጋል ብላኛለች፤ ደመወዙ ለእማ ሦስተኛው የእጥበት ቀን ይበቃ አይበቃ አላህ ነው የሚያውቀው። ውባየሁ ትናንት በግንቡ ላይ ተምር በፌስታል አቀበለችኝና «ሄደሽ አስተምሪ፤ እዚህ ስትቆጥሪ እንዳትቀሪ» አለችኝ። እሷ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው።

መኪናው ውስጥ ነኝ። ያሲር ወንበሩን አዘንብሎ ያሸልባል። ሲሀም ጫማዋን አውልቃ ወርዳለች፤ የማዕበሉን ሰዓት ትናንት ራሷ በወረቀት ገልብጣ በር ላይ ለጥፋ ነበር። ከመስኮቱ ሁሉም ይታየኛል። ዓይኔን መከልከል አልቻልኩም፤ ቆጠርኩ። አሸዋው አፍ ላይ ካሊድሪስ ሃምሳ አንድ። ሲሀም ከበስተግራ ስለቆመች ድንጋዩ ጀርባ ያሉት አልታዩአትም።

ስትመለስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ነበር። ጾም ነች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«አርባ ሦስት» አለች። ደብተሩን ከፍታ ቆየች። «ድንጋዩ ጀርባ ይኖር ይሆን? አየሽ እንዴ አንቺ?»

«እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ወፎቹም ተነሥተው ወደ ደቡብ ሄዱ። የሚቆጠር ነገር አልቀረም። እርሳሷን አንሥታ ጻፈች። ጎንበስ ብዬ አላየሁም፤ ጮክ ብላ እያነበበች ነው የጻፈችው፦

«አርባ ሦስት። ከድንጋዩ ጀርባ፣ አላውቅም።»

ያሲርን ቀሰቀስኩትና ሄድን።